ጨንቻን ለማየት ስንት ሰዓት ይበቃል?



ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ እንግዳ ፕሮግራሙ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አንዱን ቀን ጫሞ ላይ በጀልባ አዞ ሲያይ ይውላል፣ በማግስቱ ነጭ ሳርን ይጎበኛል፣ የተረፈችውን ግማሽ ቀን በጋሞ ደጋ ላይ ላለችው ዶርዜ ይሰጣል። ዶርዜ ሲደርስ ከቀርከሃ ቤት ይገባል፣ ቆጮ በዳጣና በማር ይቀምሳል፣ አረቄ ይጎነጫል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ዋጋ ተከራክሮ ጋቢ ይገዛና ይመለሳል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ቢቀጥል ጨንቻን ያገኝ ነበር። ብዙው ሰው አይቀጥልም። የቀጠለውም ዋናውን መንገድ አንዴ ወጥቶ አንዴ ይወርድና «ይኸው ነው እንዴ?» ይላል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ «ይኸው ነው እንዴ?» ነው። በሰዎቹ አልፈርድም። «ታሪካዊ ከተማ» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ዓይናችን የለመደው ድንጋይ ነው። ጎንደር ግንብ አላት፣ አክሱም ሐውልት አላት፣ ሐረር ጀጎል አላት። ጨንቻ ላይ የሚታየው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጉም፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰውና አንድ ሰፊ ገበያ ነው። ትኬት የሚቆረጥበት በር የለም። የጨንቻ ታሪክ ግን ከተማዋን ከተሸከመው ተራራ ተለይቶ አይታይም። ለዚያ ደግሞ የገበያ ቀንና አንድ ሌሊት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በታች የሚሄድ ሰው መንገዱን እንጂ ከተማዋን አላየም።

ከመንገዱ እንጀምር። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጨንቻ 2,700 ሜትር አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ 1,400 ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጣላችሁ። ከታች ሙዝና ማንጎ ነበር። ጥቂት ጠመዝማዛ እንዳለፋችሁ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ እንሰት ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ ቀርከሃ፣ ከዚያ ገብስና ድንች። በቲሸርት የተነሳ ሰው ጃኬት መፈለግ ይጀምራል። ወደኋላ ዞር ብትሉ ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ተዘርግተው ይታያሉ፤ አባያ ከጎርፉ ደለል የተነሳ ቡናማ ነው፣ ጫሞ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። በመካከላቸው ያለውን የመሬት ልሳን አገሬው የእግዜር ድልድይ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1896 በዚህ ያለፈው ጣሊያናዊ አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ አባያን በንግሥቱ ስም «ማርጋሪታ» ብሎት ነበር። ስሙ ለብዙ ዓመት በአውሮፓውያን ካርታ ላይ ቆየ፤ አገሬው ግን አባያን አባያ ማለቱን አልተወም።

በዚህ መንገድ ዳር ልጆች ይጠብቋችኋል። መኪና ሲቀርብ እየጨፈሩ፣ እግራቸውን እየከፈቱ መሬት ላይ እየተቀመጡ ብር ይጠይቃሉ። ጭፈራው ያስቃል፤ የሚያሽከረክረው ሰው ግን በዚያ ኩርባ ላይ አይስቅም። ያውም ትምህርት ቤት መሆን በሚገባቸው ሰዓት ነው። ከመስኮት ብር የሚወረውር እንግዳ ደግነት የሠራ ይመስለዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን ልጁን ከክፍል የሚያስቀረው እሱ ነው።

ከተማዋ እዚያ ላይ ምን ልትሠራ ወጣች? መልሱ ቆላው ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የአፄ ምኒልክ ጦር የጋሞን ደጋ ሲይዝ ከሰሜን የመጣው ሠራዊት የሚሰፍርበት ቦታ ፈለገ። ቆላው ለሰው ወባ፣ ለከብት ገንዲ ነበረው። ደጋው ብርድና ጉም ቢኖረውም ጤና ነበር፤ ጠላትንም ከሩቅ ያሳያል። በደቡብ ብዙ ቦታ የምታዩአቸው የቆዩ ከተሞች ከተራራ ጫፍ የተቀመጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ጨንቻም እንዲህ ሆና የጦር ሰፈር፣ ኋላም የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ሆነች።

ይህ ቀላል ሹመት አልነበረም። ጠቅላይ ግዛቱ ጋሞን፣ ጎፋን፣ ጋርዱላን፣ ገለብና ሐመር ባኮን ያጠቃለለ ነበር፤ ከአባያ ዳር ተነስቶ እስከ ኬንያ ድንበር ይደርሳል። እስቲ አስቡት፤ ጉዳዩ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ የደረሰ የኦሞ ቆላ ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ ቀናት ተጉዞ፣ በመጨረሻ ይህን ዳገት መውጣት ነበረበት። ደጅ ጥናቱ ሳይጀመር ብርዱ ይቀበለዋል። በዚያ ዘመን «ጨንቻ ወጣሁ» ማለት መንግሥት ፊት ቀረብሁ ማለት ነበር።

ለጋሞ ገበሬ ደግሞ ትርጉሙ ሌላ ነበር። ከተማዋ የመጣችው ከገባር ሥርዓት ጋር ነው። ገበሬው ለመልከኛው ገበረ፣ ጉልበቱን ሰጠ፣ በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ የሆነም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ጭሰኝነቱ አልቀረም፤ ጠባሳው ግን ዛሬም አለ። ስለዚህ አንድ የጨንቻ ሰው ስለድሮው ከተማ በኩራት ሲያወራ፣ ከዚያው ኮረብታ ጀርባ ያለ ሌላ ሰው ፊቱን ሊያዞር ይችላል። ጎብኚ ሁለቱንም መስማት አለበት። አንዱን ብቻ የሚነግራችሁ አስጎብኚ ግማሽ ዋጋ ይከፈለው።

አዋጁ ከመታወጁ በፊት ግን የመንግሥቱ ወንበር ከተራራው ወረደ። በ1950ዎቹ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች አእምሮ ሥላሴ አበበ ከታች፣ ከምንጮቹ አጠገብ፣ አዲስ ከተማ አስገነቡና መሥሪያ ቤቶቹን ወደዚያ አዛወሩ። አርባ ምንጭ እንዲህ ተወለደች። ቆላውን ያስፈራ የነበረው ወባ በዚያው ዘመን አገር አቀፍ ዘመቻ ተከፍቶበት ነበር፤ የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው በ1951 ዓ.ም. ነው። ቆላው ሜዳ አለው፣ የሚታረስ ሰፊ መሬት አለው፣ አውሮፕላን ያሳርፋል። ጨንቻ ደግሞ ገደል እንጂ ሜዳ የላትም። በመንግሥት ዓይን ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ዛሬ አርባ ምንጭን ያየ ሰው አይከራከርም።

መቀመጫነቱን የተነጠቀ ከተማ ብዙ ጊዜ ይሞታል። ዳኛው ሲሄድ ራፖር ጸሐፊው ይሄዳል፣ ጸሐፊው ሲሄድ ጠላ ሻጯ ትሄዳለች። ጨንቻ ግን አልሞተችም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ያልሞተችው መንግሥት ከመምጣቱ በፊትም እዚያ የነበረ ነገር ስለነበረ ነው። መሥሪያ ቤቱ ወረደ፤ ገበያው ቀረ።

የጨንቻ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። የዶርዜ ሰኞና ሐሙስ። በጋሞ ደጋ ገበያዎች ቀን ተከፋፍለው ይውላሉ፤ ነጋዴው ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ጨንቻ ላይ ብትቆሙ ከየኮረብታው በየቀጭን መንገዱ ሰው ሲወርድና ሲወጣ ታያላችሁ፤ ሴቶቹ ቀርከሃ፣ እንጨት፣ የእንሰት ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት። ከገበያው ውስጥ የፈትል ተራ ፈልጉ። ሴቶች በእንዝርት የፈተሉትን ልቃቂት ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሸማኔው ይመጣና ክሩን በጣቱ ይዞ ይስበዋል፣ ወደ ብርሃን ያነሳዋል፣ ሳይናገር መልሶ ያስቀምጠዋል። እሷም ሳትናገር ሌላ ታቀርባለች። ጥጡ ከቆላ የወጣ ነው፤ ሴቷ ትፈትለዋለች፣ ወንዱ ይሸምነዋል፣ ጋቢው ተመልሶ ወደ ቆላና ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። የደጋና የቆላ ጉርብትና የሚባለው ነገር በአንዲት ልቃቂት ይታያል።

ገበያው የንግድ ቦታ ብቻ አይደለም። ደሬ በሚባሉት ብዙ የጋሞ ማኅበረሰቦች ሀላቃ የሚባል ሹም አለ። ሀላቃ በዘር አይወረስም፤ ሕዝቡ ይመርጠዋል፣ እሱም ድግስ ደግሶ፣ ሀብቱን አፍስሶ ማዕረጉን ያገኛል። ሲሾም በገበያው መካከል በክብር ይዞራል፤ ሶፌ ይሉታል። በመስቀል ሰሞን ሙሽሮችና አራስ የነበሩ እናቶችም አጊጠው ወደ ገበያ ይወጣሉ። ሰው አዲስ ደረጃ ላይ መድረሱ የሚታወቀው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ሲታይ ነው። መታወቂያ ከመምጣቱ በፊት ምዝገባው ይኸው ነበር ብትሉ አልቃወምም።

ከገበያው ቀጥሎ ማየት ያለባችሁ ዱቡሻ ነው። ዱቡሻ የመሰብሰቢያ ሜዳ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳር የለበሰ ነው፣ አሮጌ ዛፍ አለበት፣ የሚቀመጡበት ድንጋይም ይኖራል። አላፊ አግዳሚ የግጦሽ ቦታ ይመስለዋል። እዚያ ግን የድንበር ክርክር ይዳኛል፣ ደም ይደርቃል፣ ወጋ የሚሉት የአገሩ ሕግ ይታደሳል፣ ጥፋተኛ ይቅርታ ይጠይቃል። ስብሰባው በምርቃት ይከፈታል። የሚናገረው ተነስቶ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። ድምፅ ቆጥሮ መለያየት የለም፤ ነገሩ እስኪበስል ይነጋገራሉ፣ ካልበሰለ ለሌላ ቀን ይቀጠራል።

ማርክ አቤሌስ የተባለ ፈረንሳዊ የሰው ጥናት ምሁር በ1960ዎቹ መጨረሻ ከጨንቻ ብዙ በማይርቅ በኦቾሎ ተቀምጦ እንዲህ ያሉ ስብሰባዎችን አጠና፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1983 ታተመ። ሰውየው ከዚያ የት ሄደ? የአውሮፓ ፓርላማን፣ ቀጥሎም የፈረንሳይን ብሔራዊ ሸንጎ በዚያው የምርምር ዓይን አጠና። የስብሰባን ነገር የተማረው በጋሞ አለት ላይ ነው። ለፓርላማ አባሎቻችን የልምድ ልውውጥ ጉዞ ሲታሰብ ይህን የሚያስታውስ ሰው ቢገኝ መልካም ነበር።

እኛ ራሳችን የዱቡሻን ጉልበት ያየነው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ፣ ተፈናቀሉ። ሐዘኑ አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ለበቀል ወጣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ አባት ሳር ይዞ ከተንበረከከ አልፎ መሄድ አይቻልም፤ ጎሜ ነው፣ ነውሩም መዓቱም ይከተላል። ወጣቱ ቆመ። ፎቶግራፉን ሁላችሁም አይታችሁታል። ብዙዎቻችን ያላየነው ያ ሳር ከየት እንደተቆረጠ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥልጣን በአንድ ቀን አይገኝም፣ ለብዙ ትውልድ በየዱቡሻው ሲሠራበት የኖረ ነው።

ይህን ስል ዱቡሻን ገነት አላደርገውም። ሸክላ ሠሪዎቹ ማና፣ ቆዳ ፋቂዎቹ ደጋላ እየተባሉ ለረጅም ዘመን ከመሬትም ከሸንጎም ሲገለሉ ኖረዋል። የሴቶች ድምፅም በዚያ ሜዳ ላይ ሰፊ ቦታ አልነበረውም። ገበያ ላይ ማሰሮ የምትሸጠውን ሴት ስታዩ የምትቀመጥበትን ቦታ አስተውሉ፤ ብዙ ይነግራችኋል።

ሌላው ፈረንሳዊ ዳን ስፐርበር ነው። ዶርዜ ተቀምጦ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1974 ወጥቶ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሲነበብ ኖሯል። ከዚያ ውስጥ አንዲት ነገር ልንገራችሁ። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ጾም ያውቃል ይላሉ። እንግዲያው ረቡዕና ዓርብ ፍየሉን ሜዳ ላይ ለቅቆ የሚተኛ ዶርዜ አለ? የለም። በጾም ቀንም እንደ ሌላው ቀን ከብቱን ይጠብቃል። ስፐርበር ከዚህ ተነስቶ ሰው የሚያምነውንና የሚያውቀውን እንዴት አብሮ እንደሚይዝ ትልቅ ክርክር አነሳ። እኛ ደግሞ ከዶርዜ ጋቢ ብቻ ገዝተን እንመጣለን።

ስለ ጋቢው ካነሳን፣ ሸማኔውን እንየው። ከጉድጓዱ አፋፍ ይቀመጣል፣ እግሮቹ ከታች መርገጫውን ይረግጣሉ። ድሩ ከፊቱ ተወጥሯል። መወርወሪያውን በቀኝ ይለቅቃል በግራ ይቀበላል፣ ማጉን ጠቅ አድርጎ ያስጠጋል፣ እግሩን ይቀይራል። ከላይ የምታዩት ዝግተኛ ነው፣ ሥራው ያለው እግሩ ላይ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሆነው ዱንጉዛ ሲሸመን ደግሞ እጁ ክር በክር ይቆጥራል። የጋሞ ሸማኔ ሙያውን ይዞ አዲስ አበባ ከገባ ቆይቷል፤ ሽሮ ሜዳንና ጉለሌን ያለ ጋሞ ሸማኔ ማሰብ አይቻልም። የአገራችን የበዓል ልብስ፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የሐዘን ነጠላ በብዛት ከዚህ ተራራ በወረደ እጅ ነው የተሠራው። ከከተማ የተላከው ገንዘብም ተመልሶ ተራራውን ደግፏል።

አንድ ጨለማ ገጽ አለ፣ አልፌው አልሄድም። ሙያ ትማራላችሁ እየተባሉ ከጨንቻና ከአካባቢው ወደ አዲስ አበባ የተወሰዱ ሕፃናት በጠባብ ክፍል ቀንና ሌሊት ሲሸምኑ መኖራቸው በተደጋጋሚ የተጠና ጉዳይ ነው። ጥበቡ ሲረክስልን ደስ ከመሰኘታችን በፊት ማን እንደሠራው መጠየቅ የገዢው ፈንታ ነው።

ስለ ቀርከሃው ቤት ብዙ አልልም፣ ሁሉም ያወራዋል። ከፊት ሲያዩት የዝሆን ግንባር የሚመስለው፣ ጣሪያና ግድግዳው አንድ ላይ የተሸመነው ቤት ነው። ከሥሩ ምስጥ ሲበላው የበላውን ቆርጠው ይጥሉታል፣ ቤቱ በዕድሜው ቁመቱ ይቀንሳል፤ ሲያስፈልግ ሰው ተሰብስቦ ነቅሎ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። ቤት የሚሸመንበት አገር ነው ብዬ ልለፍ። ከቤቱ ዙሪያ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር የከብት ፍግ አለ፤ ያ መሬት ለዘመናት ያን ያህል ሕዝብ የመገበው በፍጉ ነው።

ፖሙም መታየት አለበት። ሚሲዮናውያን ያመጡት የፖም ዛፍ የጨንቻን ብርድ ወደደው። ዛሬ በየጓሮው አለ፤ ችግኝ አዳቅሎ መሸጥ ራሱን የቻለ መተዳደሪያ ሆኗል። ጨንቻ ሄዶ ፖም ሳይበላ የተመለሰ ሰው ሞኝ ነው።

እና ከሁሉ በላይ የራቀ ዘመን አለ። በጋሞ ደጋ ባለ ሞጣ በተባለ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ2012 የ4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው የሰው አፅም ተገኘ። ባይራ፣ የበኩር ልጅ፣ ብለው ሰየሙት። ዘረ መሉ ሙሉ በሙሉ ተነብቦ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም ከአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበ የጥንት ሰው ዘረ መል ሆነ። ተመራማሪዎቹ በጥናቱ ካወጡት ድምዳሜ አንዱን ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸው አርመውታል፤ አፅሙና ዕድሜው ግን ባሉበት ናቸው። ከተማዋ የአንድ መቶ ዓመትና የጥቂት አሥርት ጉዳይ ናት፤ ተራራው ግን ሰው ማኖር የጀመረው እጅግ ቀድሞ ነው።

እንግዲህ ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ጉዟችሁ ማክሰኞን ወይም ቅዳሜን እንዲያገኝ አድርጉት። ከተቻለ መስቀልን አግኙ፤ የጋሞ ዘመን መለወጫ የሚመስለው በዓል ነው፣ «ዮ ማስቃላ» የሚል ሰላምታ ከየደጁ ይቀበላችኋል። ጠንካራ ጫማና ወፍራም ልብስ ያዙ። ከሰዓት በኋላ ጉም ስለሚወርድ ሐይቆቹን በጠዋት እዩ። ሌሊቱን እዚያው እደሩ። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ዱቡሻ ላይ ሰው ተሰብስቦ ካያችሁ ካሜራችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ጋቢ ስትገዙ ከሸማኔው እጅ ግዙ፣ ክርክሩንም አታብዙት።

አንድ ልመና ደግሞ የጨንቻ ተወላጆች ለሆናችሁ፣ አዲስ አበባም አርባ ምንጭም ላላችሁ። ከተማዋ የጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን በዕድሜ የደረሱ አባቶችና እናቶች ዛሬም አሉ፤ ችሎት የት ይቆም እንደነበር፣ ግብር የት ይሰፈር እንደነበር፣ መሥሪያ ቤቶቹ የወረዱ ዕለት ከተማው ምን እንዳለ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። በሚመጣው መስቀል ለበዓሉ አገር ቤት ስትገቡ ከአንዱ አባት ወይም ከአንዷ እናት አጠገብ ተቀመጡና ቅዱ፤ የቀዳችሁትንም ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስጡ።